ቢሮ ቁጥር 4 ውስጥ እነማን አሉ?

«ቲቸር፣ አንተ ግን ምን ተምረህ ነው?»

ይህን የጠየቀኝ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከተቀመጠ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም፤ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም። እኔ ደግሞ ስለ እሱ ልጠይቅ እስክሪብቶዬን ይዤ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሳይኮሎጂ» አልኩት።

«ማለቴ፣ እንደ ሐኪም ነህ?»

«አይ፣ ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ እንደ ቄስ?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ የምሩን ነበር። ትንሽ አመነታና «ክላስ አለኝ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ሥራ ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ክፍለ ሀገር ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቢሯችን የተማሪዎች ዲን ሕንፃ ምድር ቤት፣ ቁጥር 4 ነው። ቁጥር 3 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ የታየ ተማሪ ሁሉ ወይ ሰርቋል ወይ ተደባድቧል ተብሎ ይታማል። በራችን ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳ አለ። በቃ። ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ነገር የለም። አንዳንዱ ዶርም ለመቀየር ይመጣል። አንዱ እንዲያውም ማኅተም ፈልጎ መጥቶ ነበር።

የልጁ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ምን አጠፋ? ሆዱን ሊከፍትለት የመጣውን ሰው ማንነት ነው የጠየቀው። ነገሩን ሳስበው ደግሞ እኔ ራሴ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ምን ተምረው ከየት እንደመጡ በደንብ አላውቅም።

አራት ነን። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላና «እስቲ እያንዳንዳችን የመጣንበትን እናውራ» አልኳቸው። ሐሳቤ ስምና ሙያ ያለበት አንድ ወረቀት ጽፌ በሩ ላይ መለጠፍ ነበር። ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብዬ ነው የጀመርኩት። ሦስት ሐሙስ ፈጀ።

ከራሴ ጀመርኩ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከዚያ ውስጥ በቀጥታ ስለ ምክር አገልግሎት የተማርኩት ሁለት ኮርስ ነው። ልምምድ የተባለውን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ወሰድኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሮስተር ስሞላ አሳለፍኩት። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አፈርኩ። ማንም ግን አልገረመውም። የገረመኝ እሱ ነው።

ሲስተር ቀጠለች። አሥራ ሁለት ዓመት ጤና ጣቢያ ክሊኒካል ነርስ ነበረች። አዋልዳለች፣ ወባ አክማለች፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቁስል ሰፍታለች። ከዚያ ሳይካትሪ ነርሲንግ ተማረች፤ ልምምዷን አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነው የሠራችው። ግማሽ ቀን ተማሪዎች ክሊኒክ፣ ግማሽ ቀን እኛ ጋ ናት። ውጭ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ማዕከል ውስጥ ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ይኖር ይሆናል። እኛ አገር ሳይካትሪስት ማሠልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻላይዝ ለማድረግ ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ከአዲስ አበባ ውጪ ሸክሙን የያዙት በብዛት እንደ ሲስተር ያሉ ነርሶች ናቸው።

ሦስተኛዋ ባልደረባችን ሶሻል ዎርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) ናት። ሙያው ራሱ አሳዛኝ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ። እንደገና በማስተርስ ፕሮግራም ሲከፈት 2004 እ.ኤ.አ. ደርሷል። በመሃል አንድ ትውልድ ሙሉ ተዘሏል። እሷ ከኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ከአረብ አገር ተመላሽ እህቶችን ትረዳ ነበር። ሻንጣ ብቻ ይዛ ኤርፖርት የቆመች ልጅ መጀመሪያ የምትፈልገው ምክር እንዳልሆነ እዚያ ነው የተማረችው። «ስልክ ካርድና የሚያድሩበት ቤት» አለችን።

ጋሽ ደግሞ ከሁላችንም ትልቁ ናቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው ገጠር አንደኛ ደረጃ አስተማሩ። በክረምት ፕሮግራም ታሪክ ተምረው ዲግሪ ያዙ። ማስተርሳቸውን ግን አዲስ አበባ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሠሩ። ለፍሬሽ ተማሪዎች ጄኔራል ሳይኮሎጂ ያስተምራሉ፤ ቢሮ የሚመጡት በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

«ጋሽ፣ ታሪክ መማርዎን እዚህ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል?» አልኳቸው። ወረቀቱ እንዳይዝረከረክ ብዬ ነው።

ሳቁብኝ። «ካርል ሮጀርስ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የግብርና ተማሪ ነበር። ከግብርና ወደ ታሪክ ዞረ። ከዚያ ቄስ ልሁን ብሎ ኒውዮርክ ሴሚናሪ ገባ። ሳይኮሎጂ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። አንተ ብትሆን ይህን ሁሉ ሰርዘህ ‹ዶክተር› ብቻ ትጽፍ ነበር!»

በ1945 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል ያቋቋመው ሰውዬ ነው። ደንበኛ ተኮር ምክር የሚባለውን፣ ተመካሪውን ማዳመጥ ላይ የቆመውን ስልት፣ የጀመረውም እሱ ነው። ስለዚህ ስልት አራት ዓመት ሙሉ ሳነብ እርሻ ተምሮ እንደነበር ልብ አላልኩም። «እንደ ቄስ?» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝ። ለካ ያን ያህልም አልሳተም።

የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። ስም፣ ዲግሪ፣ የተመረቁበት ዓመት፣ የሥራ ልምድ፣ በሰንጠረዥ። የሥራ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ማንም አላነበበውም። አንድ ተማሪ ግን አንብቦ «ቫካንሲ አለ እንዴ?» ብሎ ገባ።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው የገላገሉን። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የናንተን ነው የሚያወራው፤ ልጆቹ ምን ሲሆኑ ነው ወደ ማን የሚሄዱት?» አሉኝ። እንደገና ተጻፈ። «እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ወይ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ ከሆነ፦ ሲስተር። ነርስ ናት፤ የአእምሮ ሕክምና ተምራለች።» «ገንዘብ፣ የምግብ ካርድ፣ የቤተሰብ ችግር፣ እርግዝና፦ ሶሻል ዎርከራችን።» የእኔ ተራ ሲደርስ ብዕሬ ቆመ። ምን ልበል? በመጨረሻ «ውጤት ሲወርድ፣ ፍቅር ሲበላሽ፣ ዶርም ውስጥ ሰላም ሲጠፋ፤ ወይም ወደ ማን እንደምትሄድ ካላወቅክ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ሳይኮሎጂ ተምሯል፤ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም።» ይህችን መስመር መጻፍ ከብዶኝ ነበር። አሁን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

ሲስተር «ሳይካትሪ» የሚለው ቃል ይውጣ አለች። አማኑኤል ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ የአክስቷ ልጅ እንኳ «የእብድ ነርስ» እያለ ይቀልድባታል። ተከራከርን። «የአእምሮ ሕክምና» በሚለው ተስማማን። ያን ያህል ለውጥ ያመጣ አይመስለኝም፤ እሷን ግን ደስ አላት።

ጋሽም አንድ መስመር አስገቡ፦ «እኔ የማስተምራችሁ ከሆነ ወደ ሌሎቻችን ሂዱ።» ምክንያት አላቸው። አንዲት ፍሬሽ ተማሪ እሳቸው ጋ መጥታ አልቅሳ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሲ ፕላስ አገኘች። ጋሽ ፈተናዋን አርመው የሰጧት ውጤት ነው፤ እሷ ግን ስለ አባቷ የነገረቻቸው ነገር ያመጣባት መሰላት። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ዛሬም ያማቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ያ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ አንድ ተመራቂ ተማሪ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ ከመቶ ካላመጣህ አራት ዓመት ተምረህም ዲግሪ የለም። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ ቢሯችን በጭንቀት ይሞላል። ልጁ በፍጥነት ያወራል። ሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምተኛው አለኝ። ቸካይ ነው ብዬ አለፍኩት። ላፕቶፑን ለዶርም ጓደኛው በነፃ እንደሰጠም ነገረኝ። ቸር ልጅ ነው አልኩ! ሦስት ቀን አገኘሁት። የጊዜ አጠቃቀምና አተነፋፈስ አስተማርኩት። ደብተሬ ላይ «የፈተና ጭንቀት» ብዬ ጽፌ አሰመርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ስቴፕለር ፈልጋ ገባች። ስቴፕለሩን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ትንሽ እየተኛህ ቀን አይደክምህም?»

«ኧረ ሲስተር! እንደ አሁን በርትቼ አላውቅም!»

አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። በጭንቀት እንቅልፍ ያጣ ሰው ይደክመዋል፣ መተኛት ይፈልጋል። ይሄ ልጅ እንቅልፍ አላስፈለገውም። ሕመም ነበር፤ ያውም ሐኪም የሚፈልግ። ያን ዕለት ከሰዓት ሆስፒታል ወሰደችው። ምልክቱን እኔም በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያወራ ግን አላወቅሁትም።

አባቱ ከገጠር መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩ ጋ ቆመው «ልጄን ፀበል እወስደዋለሁ» አሉ። እኔ ስለ መድኃኒት ማስረዳት ጀመርኩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ገቡና ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ጠየቋቸው፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ነው «ፀበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ» የተባባሉት። የትራንስፖርቱን ብር ሶሻል ዎርከራችን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም፤ ዊዝድሮውንም (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫውን ፎርም) እሷው አስሞላችው። ልጁ በዓመቱ ተመልሶ ተፈተነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመድኩ። ማንንም ከሁለት ጊዜ በላይ ብቻዬን አላይም፤ ሐሙስ ቡና ላይ ስም ሳልጠራ ጉዳዩን አነሣለሁ። ሲስተር የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና መጠይቅ አስተማረችኝ፤ ኤስ አር ኪው 20 ይባላል፤ በአማርኛም አለ። ስላለፈው አንድ ወር ነው፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ እያለ ሄዶ 17ኛው ላይ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃል። በፊት 16 ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንስ ነበር። ጥያቄው ሐሳቡን የሚያስገባባቸው ይመስለኝ ነበር። አያስገባም። «እንደ ራስ ምታቱ አድርገህ ጠይቅ፣ ዓይኑን እያየህ» አለችኝ። አንዲት ልጅ ስጠይቃት «እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብላ ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ገባኝ።

ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) አሁንም «ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው እናንተ ጋ የመጣችው?» እያሉ ይመጣሉ። ሶሻል ዎርከራችን «ቡና ልትጠጣ» ትላቸዋለች።

ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አንዱን ዝናብ አበላሸው፤ ሌላውን ምን እንደነካው አላውቅም። የአሁኑ ላይ፣ ከስማችን በታች፣ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቅዳሜስ?» ብሎ ጽፏል። ሐሙስ ቡና ላይ አነሣነው። ጋሽ «የመጀመሪያዋን ቅዳሜ እኔ» አሉ። ተራ አወጣንና ከሰማያዊው ጽሑፍ አጠገብ «ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት» ብለን ጻፍንበት።