መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ፕሮጀክት መምረጥ

ላፕቶፔን ለሳይንስ ስሌት በፈቃደኝነት ማዋል የጀመርሁት በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሁላችንም ቤት በዋልንበት ሰሞን ነው። የሥራው አካሄድ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ስሌት ተቆራርሶ ለፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ይታደላል፣ እያንዳንዱም የደረሰውን ድርሻ አስልቶ በይነመረብ ባገኘ ጊዜ ይመልሳል። ይህን አሠራር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው፣ ከምድር ውጭ ያለ ሕይወት ምልክት የሚፈልገው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮጀክት ሴቲ አት ሆም፣ እኔ በገባሁበት በዚያው ወር፣ መጋቢት 22 ቀን አዲስ ሥራ ማደሉን አቆመ። ዘግይቼ እንደ ደረስሁ ተሰምቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው ምርጫዬ የልብ ምርጫ ነበር። ፎልዲንግ አት ሆም የፕሮቲኖችን እንቅስቃሴ ያሰላል፣ በዚያን ጊዜም ፊቱን ወደ ኮሮና ቫይረስ አዙሮ ስለነበር ሌላ ነገር ሳላይ ጫንሁት። መጀመሪያ ያጋጠመኝ ችግር የሚያስቅ ነው፤ ፈቃደኛው ከመብዛቱ የተነሣ የሚታደል ሥራ አልቆ ላፕቶፔ ቀናትን ያለ ሥራ አሳለፈ። ሥራ ማግኘት ከጀመረ በኋላ ደግሞ የእኔ ቤት ችግር ተራውን ያዘ። ላፕቶፑን የምተወው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ያረጀው ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይዘልቅ ሥራው እየተንጠባጠበ ቀነ ገደቡ ያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ መዘግየት ምን ያህል ጉዳት እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። በፎልዲንግ አት ሆም አንዱ ድርሻ የሚጀምረው ቀዳሚው ካቆመበት ነው፤ ፕሮቲኑ በእኔ ላፕቶፕ ላይ የደረሰበት ቅርጽ ካልተላከ፣ ቀጣዩን የሚያሰላው ሰው የሚነሣበት መነሻ የለውም። ስለዚህ እኔ በዘገየሁ ቁጥር ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል፣ ጊዜው ሲያልፍም ያው ድርሻ ለሌላ ሰው እንደገና ይሰጣል። ፈቃደኛ ነኝ እያልሁ የሰው መንገድ ዘግቼ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውም ከልብ የመነጨ ነበር። ብዙ የሳይንስ ፕሮጀክቶችን በአንድነት በሚያስተናግደው በዎርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ሥር የነበረውና ከሰሃራ በታች ያለውን የአፍሪካ ዝናብ በጥቃቅን አካባቢዎች ከፍሎ የሚያሰላው ፕሮጀክት ለገበሬ ልጅ እምቢ የሚባል አልነበረም። ይሁን እንጂ የአየር ጠባይ ስሌትም በባሕርዩ ተከታታይ ነው፤ በዚያ ላይ ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ የወር የዳታ ፓኬጄን አሟጠጡት። ከሁሉ የባሰው የቼክፖይንቶቹ ርቀት ነበር። ቼክፖይንት ፕሮግራሙ የደረሰበትን ስሌት ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲሆን፣ በእኔ ላፕቶፕ ከአንዱ እስከ ሌላው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድ ስለነበር መብራት ሲጠፋ የሁለት ሰዓት ድካም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርሁት። «የትኛው ዓላማ ይበልጣል?» ማለቱን ትቼ፣ «ለሚቆራረጥ ኮምፒውተር የሚስማማው የትኛው ስሌት ነው?» ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት አይንስታይን አት ሆምን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ፕሮጀክት በሬዲዮ ቴሌስኮፖች፣ በፌርሚ ሳተላይትና በላይጎ የስበት ሞገድ መቅረጫዎች ከተሰበሰበ መረጃ ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ኮከቦችን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ድርሻ ራሱን የቻለ ስለሆነ የእኔ መዘግየት የሌላውን ስሌት አያቆምም፤ የተሰጠኝ ጊዜ 14 ቀን ነው፣ ስሌቱም በየጥቂት ደቂቃው ይቀመጣል። አንድን ድርሻ ለሁለት ኮምፒውተሮች ሰጥቶ ውጤታቸውን ማመሳከሩም ደስ ይለኛል፤ በ2002 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከረው የመጀመሪያው ግኝት የተገኘው በአሜሪካና በጀርመን ባሉ የፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ነው።

ድርሻዎቹን ተቀብሎ በሚያሰላው ፕሮግራም፣ በቦይንክ ላይ ያስተካከልኋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከፕሮሰሰሩ 4 ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) 2ቱን ብቻ ፈቅጃለሁ፣ አለዚያ የማራገቢያው ድምፅ ቤተሰቡን አያስተኛም። ባትሪ ላይ ሲሆን ስሌት እንዲቆም አድርጌ፣ የሁለት ቀን ሥራ አስቀድሞ እንዲያወርድ አዝዣለሁ፤ በይነመረብ በሌለበት ሌሊትም ሥራ አይፈታም። ከዚህ የበለጠ ማከማቸት ግን የሌላውን ድርሻ ይዞ መቀመጥ ስለሆነ አልመክርም።

አሁን ይህንኑ ፕሮጀክት የምሞክረው በአሮጌው አንድሮይድ ስልኬ ነው። የሚደርሰው ድርሻ በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የሰበሰበው መረጃ ሲሆን፣ ቴሌስኮፑ ራሱ ኅዳር 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈርሷል። ስልኩ ቻርጀር ላይ ሆኖ ባትሪው 90 በመቶ ካልሞላ ስሌት ስለማይጀምር፣ መብራት ዘግይቶ በሚመጣባቸው ሌሊቶች የሚሠራው ሊነጋጋ ሲል ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።