ችግኝ ከመግዛቴ በፊት የሙከራ ማሳውን አየሁ

ከአራት ዓመት በፊት ይርጋለም አጠገብ ባለው የእናቴ ጓሮ አርባ የአቮካዶ ችግኝ ተከልሁ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ የተረፉት ስድስት ነበሩ። የገዛሁት ከመንገድ ዳር፣ ቅጠሉ የለመለመውን እየመረጥሁ ነበር። የደረቁትን ስነቅል ሥራቸው የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ አገኘሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አፈር ውስጥ ኖሮ ወደ ውጭ አልተዘረጋም።

ዘንድሮ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የተዳቀለ ችግኝ አምርቶ ወደሚሸጥ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ ደወልሁና ልጎበኝ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። ግማሽ ቀን ሰጡኝ።

በሩ ላይ ጫማዬን መድኃኒት የገባበት ውሃ ውስጥ አስነከሩኝ። የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ ጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ ይጓዛል። ከእንግዲህ ይህን ጥንቃቄ ከማያደርግ ጣቢያ ችግኝ በነጻ ቢሰጠኝም አልወስድም።

ከጥላ መረቡ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ያዳቅላሉ። አንዷ አጠገብ ቁጢጥ አልሁ። ከአካባቢው አቮካዶ ፍሬ የበቀለውን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ግንድ ቆረጠችና መሃሉን ሰነጠቀችው። ሃስ ከተባለው የአቮካዶ ዝርያ እናት ዛፍ የመጣውን ቅርንጫፍ ጫፉን እንደ ሽብልቅ ጠርባ ስንጥቁ ውስጥ አስገባችና በፕላስቲክ ጥብጣብ አጥብቃ ጠቀለለችው። ምላጩን በአልኮል ጠርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች። «ወንድሜ፣ ቢያንስ በአንድ ጎን ቅርፊቱ ከቅርፊቱ ካልገጠመ አይያያዝም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ችግኝ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ቅጠሉን ሳይሆን ያንን መገጣጠሚያ ሆነ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ከመደቦቹ ጀርባ ያለው የሙከራ ማሳ ነው። ሃስ፣ ኤቲንገር እና ፉዌርቴ የተባሉት የአቮካዶ ዝርያዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የደረስነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። የግብርና ባለሙያው ከሃስ አንድ አበባ ቀጥፎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ የሴቷ ክፍል መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ የወንዴዎቹ ዘንጎች ዙሪያዋን ተኝተዋል። ቀጥሎ የኤቲንገርን ሰጠኝ። በዚያው ሰዓት የእሱ ወንዴዎች ቆመው ብናኝ ይሰጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ሃስ ወንዴ፣ ኤቲንገር ሴቴ ይሆናል። ንቡ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ያገናኛቸዋል። ገበያው የሚፈልገው ሃስን ነው ብዬ ሃስ ብቻ ልተክል አስቤ ነበር። ሐሳቤን የቀየሩት እነዚያ ሁለት አበቦች ናቸው።

በማሳው ታችኛው ዳርቻ የደረቁ ዛፎች በረድፍ ቆመው አየሁ። ለምን እንዳልነቀሏቸው ጠየቅሁ። ባለሙያው ሆን ብለው እንደተዋቸው ነገረኝ፤ ያ ረድፍ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር ሸክላ ላይ፣ ሜዳው ላይ እንዳለ የተተከለ ነው። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ በዚያው አፈር ላይ በተከመረ ጉብታ የቆመው ተመሳሳይ ሃስ ፍሬ ይዟል። የሞተባቸውን ለገዢ የሚያሳዩ ሰዎችን አከበርሁ። እኔ ጓሮ የሞቱትም ሁሉ ሥራቸው በመጠምዘዙ ብቻ እንዳልሞቱ የገባኝ እዚያ ነው፤ አብዛኞቹ ከታች በኩል ነበሩ።

ከመክፈሌ በፊት ከየመደቡ አንድ አንድ ችግኝ መርጬ ከረጢቱ እንዲቀደድልኝ ለመንሁ፤ የተቀደዱትን ዋጋቸውን ከፈልሁ። የአንደኛው መደብ ሥር መዞር ጀምሮ ስለነበር ተውሁት። ጥላው ተነሥቶላቸው ፀሐይ ከለመዱት መካከል ሃያ ሰባት ሃስና ሦስት ኤቲንገር ወሰድሁ።

ሰኔ ላይ ጉብታዎቹን ከመርሁ፣ ሐምሌ ላይ ተከልሁ። ኤቲንገሮቹን አንድ ጥግ አላጎርኋቸውም፤ በሃሶቹ መካከል በታተንኋቸው። መገጣጠሚያው ከአፈር በላይ መሆኑን ከእናቴ ጋር አንድ በአንድ አየን። የጓሮውን ታችኛ ጥግ ለከብቶቿ ሣር ተውነው።