ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ቤንዞፌኖን

"አሮማቲክ" ሲባል ለረጅም ጊዜ ሽቶ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ደርሼም ቢሆን! ነገሩ ከሽታ ጋር አይገናኝም። የቤንዚን ቀለበት ዓይነት ያለው ሞለኪውል ማለት ነው (መኪና የሚሞላው ቤንዚን አይደለም፣ በአማርኛ ስማቸው ተምታቶብን ነው)። ካርቦኒሉ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘው ካርቦን፣ በሁለቱም ጎኑ ካርቦን ይዞ (ይሄ ነው ኬቶን የሚያሰኘው) ቢያንስ በአንዱ በቀጥታ ቀለበቱን ከያዘ አሮማቲክ ኬቶን እንለዋለን። "በቀጥታ" የምትለዋን ልብ በሉ፣ ፈተና ላይ ነጥብ የጣልኩት በእሷ ነው። አሴቶፌኖን አንድ ጎኑ ቀለበት፣ ሌላው ሚታይል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ነው። እሱ እንኳ ደስ የሚል ሽታ ስላለው ሽቶ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ መሳሳቴ አይፈረድብኝም። ቤንዞፌኖን ግን በሁለቱም ጎን ቀለበት ነው።

የኔ ሥራ ቤንዞፌኖንን በፀሐይ ብርሃን ብቻ ወደ ቤንዞፒናኮል መቀየር ነበር። ጣሊያናዊው ጃኮሞ ቻሚቻን ከመቶ ዓመት በፊት ቦሎኛ ውስጥ ጠርሙሶቹን ፀሐይ ላይ እየደረደረ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራ ነበር። እዚያ ከሆነ እዚህማ እንዴት እምቢ ይላል ብዬ፣ ቤንዞፌኖኑን ሞቅ ባለ አይሶፕሮፓኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) አሟሙቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ክሪስታል! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጋሼ ግን "እስቲ መጀመሪያ አቅልጪው" አሉኝ። 48 ዲግሪ ላይ ቀለጠ። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ራሱ የጨመርሽው ነው።" አልኮሉን ቆጥቤ ኖሮ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቤንዞፌኖኑ መልሶ ረጋ። ቤንዞፒናኮል የሚቀልጠው 188 አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ጠርሙስ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ምንም አልወጣውም። ጠርሙሱን ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የሞላሁት። ቤንዞፌኖን 350 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ሲውጥ ኦክስጅኑ ይቅበዘበዝና ከአልኮሉ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ከዚያ እንዲህ ሃይድሮጅን የነጠቁ ሁለት ቤንዞፌኖኖች ተያይዘው ቤንዞፒናኮል ይሆናሉ፤ አየር ካለ ግን የአየሩ ኦክስጅን መሃል ገብቶ ጉልበቱን ይቀማዋል። ደግሞ አንዷን ጠብታ አሴቲክ አሲድ ረስቻለሁ። ከመስታወቱ የሚወጣ ትንሽ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) እንኳ የተሠራውን መልሶ ያፈርሳል፣ ጠብታዋ ለዚያ ነበረች።

ይሄ ሃይድሮጅን የመንጠቅ ጸባይ ነው ቤንዞፌኖንን በዩቪ (በዓይን በማይታየው አልትራቫዮሌት ብርሃን) የሚደርቅ የማተሚያ ቀለም ውስጥ ያስገባው። የሚገርመኝ ዘመዱ ኦክሲቤንዞን ነው። ካርቦኒሉ አጠገብ አንድ ኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ስላለው ብቻ፣ የዋጠውን ብርሃን ማንንም ሳይነካ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ ገባ።

ሦስተኛውን እስከ አፉ ሞላሁት፣ ጠብታዋን ጨመርኩ፣ ግጥም አድርጌ ከደንኩት። ደመናው እያናደደኝ ስምንት ቀን ጠበቅኩ። እንደ ጨው ያለ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ጋሼ ሳይጠይቁኝ ሮጬ አቀለጥኩት፣ 187። ለማነጻጸር ጨለማ መሳቢያ ውስጥ የደበቅኩት አራተኛው ጠርሙስ ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ እንደጠራ ቀረ።