በመስኮቱ በኩል የመጣልኝ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመስጠት የተሳልሁት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዘግይቼም ቢሆን ዛሬ ስእለቴን እፈጽማለሁ። ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከእናቴና ከአያቴ ጋር ሐዋሳ፣ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ድምፅ ከሚሰማበት ሰፈር እንኖር ነበር።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛ ተማሪዎች እንደ ዕረፍት ቆጠርነው፤ ከጓደኞቼ ጋርም ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ልንገናኝ ተቀጣጥረን ተለያየን። ሁለቱ ሳምንት ወራት ሆነ። እናቴ ነርስ ስለሆነች ሥራው ሲበዛባት ከቤት ውጭ ማደር ጀመረች። አያቴ 78 ዓመቷ ነበር፤ ስኳርም አለባት። አረጋውያንንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸውን እንድንጠብቅ በቴሌቪዥን በተነገረ ቁጥር፣ ማሳሰቢያው ለአገር ሁሉ ሳይሆን ለእኔ ብቻ የተላከ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አንድ ሌሊት ቤት አድራ በሄደች ማግስት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ማንም ሳያዘኝ ክፍሌን ዘግቼ ራሴን ወሸባ አስገባሁ። ጉሮሮዬ በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ እኔ ግን አልወጣሁም። አያቴ ምግቤን በሩ ሥር አስቀምጣ ስትሄድ፣ የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠብቄ አነሣ ነበር፤ የነካችውን ሳህን ስነካ እንኳ እርሷን የምገድላት ይመስለኝ ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ቁጥር ሳላይ አልተኛም፤ ካየሁ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌሊት ሌሊት ደረቴ ይጠብባል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ የትንፋሽ ማጠር የበሽታው ምልክት መሆኑን ስለማውቅ ይበልጥ እፈራለሁ፤ ስፈራም ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል። ቴርሞሜትር ብብቴ ሥር አድርጌ የለካሁት ሙቀት አንድ ቀንም ከ37 አልፎ አያውቅም፤ ሆኖም ቁጥሩን አላምነውም ነበር። ጓደኞቼ በቴሌግራም ደኅንነቴን ሲጠይቁኝ ደኅና ነኝ እላቸዋለሁ፤ እነርሱም እንዲሁ ይሉኛል። ዛሬ ሳስበው፣ ከእነርሱም ውስጥ እንደ እኔ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋ እንደነበረች አልጠራጠርም።

ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካን በቤታችን ሆነን አሳለፍን። በስቅለት ዕለት አያቴ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ስትሰግድ ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ በሩን ከፍቼ አብሬያት ለመቆም ግን አልደፈርሁም።

በሰኔ ወር አንድ ሌሊት ልቤ እጅግ ሲመታ፣ ከአልጋዬ ወርጄ ተንበረከክሁ። እስከዚያ ቀን የምጸልየው በሽታው እንዲርቅልን ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር። «አምላኬ ሆይ፣ ይህን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ላክልኝ» አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በነጋታው ጠዋት አያቴ በርጩማዋን ይዛ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ከመስኮቴ ትይዩ ተቀመጠች። «ዐይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ዳዊቱን በመስኮቱ ሆነሽ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አለችኝ፤ መጽሐፉንም በብረቱ መካከል አቀበለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልሁም። ቀኑ ሰኞ ስለነበር ከመጀመሪያው መዝሙር ጀመርሁ፤ 24ኛው ላይ ስደርስ፣ ዘማሪው ብቸኛና ችግረኛ መሆኑን ለእግዚአብሔር ከሚናገርበት ቦታ ድምፄ ተቆረጠ። ልቀጥል ብሞክር ዕንባ እንጂ ቃል አልመጣም። አያቴ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። ከዚያም «ሌሊቱን ስትንጎራደጂ እሰማለሁ እኮ። በሩን ያላንኳኳሁት የምትፈሪው ለእኔ መሆኑን አውቄ ነው» አለችኝ። ወራት ሙሉ የደበቅሁትን ሁሉ እዚያው፣ ብረቱን ይዤ ነገርኋት።

የእግዚአብሔር መልስ በዚያ አላበቃም። አያቴ ለእናቴ ደውላ ነገረቻት፤ እናቴም የሚያስጨንቀኝ የትንፋሽ ማጠር ከፍርሃት እንደሚመጣ በርጋታ አስረዳችኝ፤ አብራት የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስም በስልክ እንድታነጋግረኝ አደረገች። ነርሷ ትንፋሼን በቀስታ ማስወጣትን አስተማረችኝ፤ የቁጥሩንም ዜና ምሽት ላይ ማየት እንዳቆም መከረችኝ። ይህን የምጽፈው፣ ጸሎት ያደረገ ልጅ ሐኪም ማማከር የእምነት ጉድለት መስሎ እንዳይታየው ነው፤ እኔ ሰው ላክልኝ ብዬ ለምኜ ሦስት ሰው ተልኮልኛል።

ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። በሐምሌ መጨረሻ ግን ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመርሁ፤ ከክፍሌም ወጥቼ ጭምብሌን አድርጌ፣ ከአያቴ ሁለት ሜትር ርቄ በግቢው ውስጥ ተቀመጥሁ። የገብርኤል ዕለት፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የተሳልሁትም እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአያቴ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተገፎላት፣ መነጽር አድርጋ ዳዊቷን ራሷ ማንበብ ጀምራለች። የሰኞውን ግን አሁንም እኔ አነብላታለሁ።