ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚሠራው መጋዝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ሞተር መፍታት የምትወዱ ሁሉ። ትናንት ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ፣ አጎቴ ግቢ የወደቀውን ባሕር ዛፍ ስቆራርጥ ዋልኩ፤ የሞተር መጋዙ አንድ ጊዜ እንኳን አልጠፋብኝም። የቆመው ነዳጁን ጨርሶ ነው። ለእናንተ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ሦስት ወር ታግዬበታለሁ።

መካኒክ አይደለሁም። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ እሑድ እሑድ እጄን ዘይት አስነካለሁ። የመጀመሪያውን ሥራ ባጭሩ ልለፈው፦ ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ የጫፉን ክፍተት 0.5 ሚሊሜትር አደረግኩ፣ የአየር ፊልትሮውን በሳሙና አጠብኩ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ከጥላሸት አጸዳሁ። የማስነሻ ገመዱን ይዤ መጋዙን ሳንጠለጥለው ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ፤ ኮምፕሬሽን አለው፣ ሲሊንደሩ አየሩን አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ዝርግፍ ቢል ኖሮ እዚያው እተወው ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳብታ ይነሳል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) ያምራል፣ ግንድ ላይ ሳሳርፈው ይበላል። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ድምፁ ይቀጥንና ጸጥ። ሩብ ሰዓት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል።

መጀመሪያ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ጠረጠርኩና ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕረሰር አስነፋሁት። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። የመጋዝ ካርቡራተር እንደ ሞተር ሳይክሉ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠር ተንሳፋፊ የለውም፤ ተገልብጦም እንዲሠራ በሁለት ስስ ዲያፍራም (ተለጣጭ ሽፋን) ነው የሚተነፍሰው፣ ያ ሁሉ ግፊት አንዷን ቀደዳት። አዲስ ስገጥም ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ነዳጅ በሚስበው ፓምፕ በኩል መጀመሪያ ዲያፍራሟ ናት የምትገባው፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ከላይዋ፤ የነዳጁን መግቢያ በምትከፍተውና በምትዘጋው መርፌ በኩል ተቃራኒው ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀድማል። እኔ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጌ ዘጋሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ገመድ ስስብ ትከሻዬ ዛለ። ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀዳዳዎቹን ደግሞ በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ካርቡራተሩ ከተስተካከለም በኋላ ያው አሥር ደቂቃ። «ሲሞቅ ነው የሚጠፋው፣ ቦቢናው ነው» ያላለኝ ሰው የለም። እኔም አምኜ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ አጎቴ ከኪሱ ከፈለ፣ ገጠምኩት። አሥር ደቂቃ!

አንድ እሑድ እንደ ልማዱ ሲጠፋብኝ በንዴት የሳልቫትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ከፈትኩ፣ ነዳጁ አልቆ እንደሆነ ልይ ብዬ። ፍስስስ! አየሩን ወደ ውስጥ ሳበው። ክዳኑን መልሼ አንዴ ገመዱን ብስበው ተነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ከሳልቫትዮው በወጣ ቁጥር አየር ሊተካው ይገባል። አየር የምታስገባዋ ትንሽ መተንፈሻ በሰጋቱራና በዘይት ተደፍናለች፤ የወጣው ነዳጅ በአየር ሳይተካ ውስጡ አየር አልባ እየሆነ ሲሄድ ፓምፑ ነዳጁን መሳብ ያቅተዋል። ሩብ ሰዓት ስናሳርፈው ሞተሩ ስለበረደ አልነበረም የሚነሳው፣ አየር ቀስ ብሎ ስለሰረገለት ነው። የተቃጠለ ቦቢናም ልክ እንዲህ ስለሚያደርግ ሁላችንም ተሸወድን። ስለዚህ ሲጠፋ ሳትጠብቁ መጀመሪያ ክዳኑን ላላ አድርጉ። ከተነሳ መተንፈሻው ነው፤ ካልተነሳ ገና ትኩስ እያለ ካንዴላውን ፍቱና እሳት ይሰጥ እንደሆነ እዩ። መተንፈሻዋን በቤንዚን አጥቤ መለስኳት፤ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ስለ ነዳጅ አቋሜ የማይነቃነቅ ነው፦ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን መጋዝ ውስጥ አይገባም። የዚህኛው አሮጌ ሞተር ቅልቅል 25 ለ 1 ነው፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። ከመኪና የወጣ አሮጌ ዘይት የሚቀላቅሉ አሉ፣ ፒስተናቸውን አይቻለሁ። ቅልቅል ብዙ አታቆዩ እላለሁ፤ በጓሮዬ ያለው ጀሪካን ግን ከጥምቀት በፊት የተቀላቀለ ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ መጋዝ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚገባውን ነዳጅ የሚቆጣጠረውን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት አጠበቅኩት። ሳይቆርጥ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት ትንሽ መንተባተብ አለበት፣ ግንድ ሲነካ ይጠራል። ሳይቆርጥም ጥርት ብሎ ከጮኸ ነዳጁ፣ አብሮትም ዘይቱ አንሶታል፤ ፒስተን የሚበላው እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፦ ወደ ጎን ሳጋድመው ሚኒሞው በራሱ ከፍ ይላል። ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ይመስለኛል። ለአሮጌ መጋዝ ይህን ጎማ የሚሸጥ ሱቅ እዚሁ ከተማ የምታውቁ ጠቁሙኝ። አጎቴ ግን የሚሰማ አይደለም፤ «ቦቢናው ነው ያዳነው፣ ብር ወጥቶበታል» እያለ ለመንደሩ ሁሉ ያወራል።