የእማዬ ቋጠሮና የመርከቡ ካርድ

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ እማዬ እህቴ የላከችላትን 100 ዶላር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ከባርሴሎና የተሳፈርንበት የሽርሽር መርከብ ላይ ግን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥልን አጣን። ቡናውም ውሃውም የክፍላችንን በር በሚከፍተው ካርድ ይመዘገባል፤ መጨረሻ ላይ ከእህቴ የባንክ ካርድ ይቆረጣል። የምንወርድባቸው ከተሞች በዩሮ ይገበያያሉ፣ የመርከባችን ሂሳብ ግን በዶላር ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እህቴ ያስመዘገበችው ዴቢት ካርድ፣ ማለትም በቀጥታ ከራሷ የባንክ ሂሳብ የሚቆርጥ ካርድ ስለነበር ገና ምንም ሳንገዛ ከሂሳቧ ገንዘብ ለመያዣ ተያዘባት፤ ከወረድንም በኋላ ለቀናት አልተለቀቀላትም። ክሬዲት ካርድ (በባንኩ ብድር የሚከፈልበት) ያላችሁ እሱን አስመዝግቡ።

የሠራተኞች ጉርሻም በየቀኑ በነፍስ ወከፍ በዚሁ ሂሳብ ላይ ይታሰባል። እማዬ ይህን ብነግራትም ቋጠሮዋን ፈታ ክፍላችንን ለምታጸዳው ልጅ 20 ዶላር በእጇ ሰጠቻት። በመጨረሻው ምሽት ሂሳቡን መስመር በመስመር ስናይ ያልጠጣነው ውሃ ተመዝግቦ አገኘን፤ ሳንወርድ አሰረዝነው።