ሞተሩ ውሃ እየተፋ ለምን ይግላል?

በጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ቀጭኗን ውሃ ያውቃታል። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ በኩል ከትንሽ ቀዳዳ ፊን ብላ የምትወጣዋ ናት። ነጂው ገመዱን ስቦ እንዳስነሳ ዞር ብሎ ያያታል። ካለች ይሄዳል፣ ከሌለች ያጠፋል። ከወንድሜ ጋር የያዝናት ጀልባ ሞተር ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ነው። ሲግል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ የለውም። ያለን ምልክት ይቺው ውሃ ብቻ ናት።

ክረምቱ እንደወጣ ግን ውሃዋ እያለች ሞተሩ መጋል ጀመረ። በዝግታ ስንሄድ ምንም አይል። ሰው ጭነን ነዳጅ ስንሰጠው፣ የክብራን ገብርኤልን ደሴት አለፍ እንዳልን ጉልበቱ ይወርዳል፣ የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። አጥፍተን ስንጠብቅ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፈናል። ቀዛፊው «በርቱ!» ብሎን ይሄዳል። ደንገል ቤንዚን አይጠይቅ፣ አይግል።

እንዲህ ያለ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ማቀዝቀዣው ሐይቁ ራሱ ነው። ውሃው ከታች በሞተሩ እግር ጎንና ጎን ባሉት ወንፊቶች ይገባል። ክንፍ ያለው ክብ ጎማ፣ ኢምፔለር የሚባለው፣ ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ተመልሶ ወደ ታች ይወጣል። በትንሿ ቀዳዳ የሚወጣው ከዚያ ሁሉ የተቀነጨበ ነው። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ይህቺ ውሃ የምትቀዳው ቴርሞስታቱ ጋ፣ ማለትም ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈው ትንሽ በር ጋ፣ ሳይደረስ ነው። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀርም እሷ እንደልቧ ትፈሳለች ማለት ነው። የቀዳዳዋ አፍ በጭቃ ሲደፈን ደግሞ ሞተሩ ሳይግል ትጠፋለች። ስለዚህ ስትኖርም ስትጠፋም ሙሉ በሙሉ አትታመንም።

ፍተሻውን ገንዘብ ከማያስወጣው ጀመርን። ሞተሩን አጥፍተን እግሩን ወደ ላይ አነሳነው። ወንፊቱ ላይ የእንቦጭ ሥርና የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሟል። እንቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር ነው፣ በጣት ካልለቀሙት አይወጣም። ቀጥሎ ትንሿን ቀዳዳ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወጋናት። ሽቦ አልወድም፤ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ቱቦ መታጠፊያ ይበሳል። ቡናማ ጭቃ ተፋችና ውሃዋ ወፈረች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተሠራ» ብሎ ይሄዳል። እኛ ሞክረነው መልሶ ጋለ።

ሙቀቱን ለመለካት ወንድሜ ከኮቪድ ጊዜ የተረፈች የግንባር ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። እሷ የሰው ትኩሳት እንጂ የሞተር አታነብም። የውሃ ጠብታ ይሻላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲሊንደሩ አናት ላይ አንድ ጠብታ ጣል ሲያደርጉ ቸስ ብላ ከጠፋች ነገሩ አስጊ ነው። የኛዋ በዝግታ ስንነዳ ዝም ብላ ትተኛለች። በፍጥነት ነድተን ስናቆም ቸስ!

ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። በዝግታ ደህና ሆኖ በፍጥነት የሚግል ሞተር ብዙ ጊዜ ውሃ ያጠረው ነው፤ ወይ መግቢያው ጠቧል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል። ቆሞም ሄዶም እኩል የሚግል ከሆነ፣ ቀጭኗ ውሃ ደግሞ ካልደከመች፣ ቴርሞስታቱን እጠረጥራለሁ።

ያም ሆኖ ቴርሞስታቱን ለመፈተሽ አንድ ድስት ውሃ ይበቃል። አፉ ላይ ክር አስነክሰን ውሃው ውስጥ አንጠለጠልነው። ውሃው ሲሞቅ አፉን ይከፍትና ከክሩ ወድቆ ድስቱ ሥር ይቀመጣል። በብዙ የጀልባ ሞተሮች መክፈት የሚጀምረው 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከመኪናው በጣም ያነሰ። የኛ በጊዜው ወደቀ፣ ደህና ነው። ወንድሜ ግን አላመነውም። አጠገባችን መረብ የሚጠግኑትን አዛውንት ጀልበኛ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አውጥተን ብንጥለውስ?»

«ጥለኸው ካንዴላ ስትጠርግ ልትኖር ነው?»

እውነታቸውን ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላው በጥቀርሻ ይሞላል።

ቀረ ፓምፑ። የማርሽ ዘንጉን አላቀን፣ ቡሎኖቹን ፈትተን እግሩን ወደ ታች ሳብነው። ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፤ ኢምፔለሩን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የምትይዘው ቁልፍ የጥፍር ያህል ናት፣ ሐይቅ ውስጥ ከገባች የለችም። የፓምፑን ክዳን ስንከፍት መልሱ እዚያው ነበር። ክንፎቹ ተጣጥፈው ደርቀዋል፣ ለቀቅ ሲያደርጓቸው እንኳ ቀና አይሉም። የአንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ኩባያ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አውጥቷል። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ብረትም እንዲሁ።

ይህን የሚያደርገው ደለል ነው። የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ ብረት ቶሎ አይበላም። ግን ርብና ጉማራ በክረምት የሚያመጡት አፈር ፓምፕ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ ጎማውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አዲስ ጎማ በተጫረ ኩባያ ውስጥ ውሃ ያሾልካል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። ኩባያውን፣ ጠፍጣፋውን ብረትና ጋስኬቱን አንድ ላይ ከአዲስ አበባ አስላክን።

የተቆረጠችውን የጎማ ጫፍ ሳናገኝ መግጠም አልፈለግንም። ወደ ላይ ሄዳ መተላለፊያ ከዘጋች አዲሱ ፓምፕም አያድነንም። ቴርሞስታቱ እንደወጣ ከላይ በጎማ ቱቦ ውሃ ለቀቅንበት። መጀመሪያ ጭቃ ወረደ፣ ከዚያ እሷ ወጣች፣ ከምስር ትንሽ ተለቅ ትላለች።

ሲገጠም ክንፎቹን ግራሶ ቀብተን፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ እያዞርን ክዳኑን አወረድን። ያኔ ክንፎቹ በትክክለኛው አቅጣጫ ይታጠፋሉ። ቱቦው የጎማ ቀለበቱ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት፤ ከሳተ ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ ውሃ አይወጣም። የዘንጉ አናት ላይ ደግሞ ግራሶ አታከማቹ። እዚያ ታፍኖ እግሩ ጥጉ ድረስ እንዳይገባ ይከለክላል።

ሙከራውን በርሜል ውስጥ አደረግን፣ ውሃውን ከፓምፑ በላይ ሞልተን። ሞተሩን ደረቅ ላይ «ለአፍታ ብቻ» የሚያስነሱ አሉ። ያንን ጎማ የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ነው፤ በደረቁ ለመቃጠል ሰከንዶች ይበቁታል። ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ዘጌ ደርሰን ጠብታዋን ጣልን። አልጮኸችም።

አሁን ፓምፑን ክረምት በወጣ ቁጥር ከፍተን እናያለን፣ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ቀደም ብለን። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ስንጠጋ ሞተሩን አጥፍተን በመቅዘፊያ እንገፋለን። እግሩን ከፍ አድርጎ በሞተር መግባት ይቀላል፣ ግን ወንፊቱ ወይ ጭቃ ወይ አየር ይስባል። ይህን ለሌሎቹ ጀልበኞች ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ተሳፋሪ ይቸኩላል ይላሉ። አሮጌውን ኢምፔለር «ለመጠባበቂያ ያዘው» ላለኝም አልያዝኩለትም። ክንፉ የተቆረጠ ጎማ ሐይቅ መሃል ላይ ሌላ ቁራጭ ይጥላል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ያልተከፈተ አዲስ ነው፣ ከአንድ ትርፍ ቁልፍና ከናይለኑ ጋር።